ያውቁ ኖሯል? ብረት ሳይቀልጥም ውስጡ ይላወሳል
ብረት በዓይን ከማይለዩ እልፍ ክሪስታሎች የተገነባ ነው። ሲግል፣ ገና ጠጣር እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ክሪስታሎች ትንንሾቹን እየዋጡ ያድጋሉ። በገዘፉ ቁጥርም ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥንካሬው ይቀንሳል።

እድገቱን የሚገቱት በብረቱ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ ባዕድ ቅንጣቶች ናቸው፤ የሚንቀሳቀሰውን የክሪስታል ወሰን ይዘው ያስቀሩታል። ሐሳቡ የአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ የክላረንስ ዜነር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለኅትመት ያበቃው ግን የሙያ ባልደረባው ሲረል ስሚዝ ነበር። በዜነር ስሌት መሠረት 1 ማይክሮሜትር ሬዲየስ ያላቸው ቅንጣቶች ከብረቱ ይዘት 1 በመቶውን ቢይዙ፣ ክሪስታሎቹ ሬዲየሳቸው 133 ማይክሮሜትር ገደማ ሲደርስ እድገታቸው ይቆማል።

ኮምፒውተር ይህን ሁሉ የሚያስመስለው በቁጥሮች ሰሌዳ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ተመሳሳይ ቁጥሮች አንድ ክሪስታል ናቸው። ማሽኑ አንዱን ነጥብ በዕጣ ይመርጥና የጎረቤቱን ቁጥር ይሞክርለታል፤ ለውጡ ወሰኑን የማያረዝም ከሆነ ይጸናል። የባዕድ ቅንጣቶቹ ቁጥር ግን ፈጽሞ አይነካም። የሚገርመው፣ የሰሌዳው ሐሳብ ከብረት ሠሪዎች አልመጣም፤ ሬንፍሪ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1952 ካቀረበው፣ ከማግኔት ጥናት ጋር ከተያያዘ ሞዴል የተወሰደ ነው። ለክሪስታል እድገት ጥናት የዋለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው።

ወሰን ያዡ ደግሞ የግድ ጠጣር መሆን የለበትም። በቱንግስተን የአምፖል ክር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ጥቃቅን የፖታሲየም አረፋዎች ናቸው።