ማዕረጉ ቢቀርም ሙያው አለ

ከሠራዊት የተሰናበተ ባለሙያ በቤታችሁ ወይም በጉባኤያችሁ አለ? ምናልባት ይህን የምታነብበው አንተው ራስህ ትሆናለህ። ለዓመታት ራዳር፣ የመገናኛ ሬዲዮ ወይም የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ስትጠግን ኖረሃል። ዛሬ ግን ቤት ውለህ፣ «የተማርኩት ለጦርነት ነው፤ ለሰላም ምን ይጠቅማል?» ትላለህ። ባለቤትህም ዝምታህን እያየች ትጨነቃለች።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ከ400 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበትነው ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሰዋል። ከመካከላቸው የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ከፍተው ልጆች ያሳደጉ አሉ፤ ሙያቸውን እርግፍ አድርገው የተዉም አሉ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ ተጀምሯል። ስለዚህ ጉዳዩ የብዙ ትዳር ጉዳይ ነው።

ኤሌክትሪክ ዩኒፎርም የለውም

ብዙ አውሮፕላኖች በ28 ቮልት ዲሲና በ115 ቮልት፣ 400 ኸርዝ ኤሲ ይሠራሉ። የቤታችን መስመር ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቁጥሩ ቢለያይም የኦም ሕግ አንድ ነው። በመልቲሜትር ለክቶ፣ በኦሲሎስኮፕ ሞገዱን አይቶ ብልሽቱን የሚያገኝ ሰው ለፋብሪካ ማሽን፣ ለስልክ ማማ፣ ለሶላርና ለሕክምና መሣሪያ ጥገና መሠረቱ በእጁ ነው። በጥገና እጦት የቆመ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ዳግመኛ ሲሠራ ሕይወት ይተርፋል።

በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስም ጠርቶ በመንፈሱ እንደ ሞላው፣ ለእጅ ሥራም ጥበብ እንደ ሰጠው እናነባለን። የእጅ ሙያ በእግዚአብሔር ፊት ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይጎድላል?

አንደኛ፣ ሲቪሉ ቀጣሪ የሚያነበው ወረቀት ነው። «የመገናኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ» ማለት ለእርሱ ብዙ አይነግረውም። «ፓወር ሰፕላይ እጠግን ነበር፤ አንቴና እተክል ነበር፤ ስድስት ሰው አሠራ ነበር» ብለህ የሠራኸውን ዘርዝር። የመሣሪያውንና የክፍሉን ምስጢር ግን አትጻፍ። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ትምህርት ነው። የዛሬው ቦርድ ክፍሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ብዙው ሥራም በማይክሮኮንትሮለርና በፕሮግራም ሆኗል። መሐንዲስ ለመባልም ዲግሪ ያስፈልጋል። የሃያ ዓመት ቴክኒሻን በወጣቶች መካከል ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ይከብደው ይሆናል፤ የሚያሳፍር ግን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የአሠራር ልዩነት ነው። በሠራዊት ቤት መለዋወጫ ከመጋዘን ይወጣል፤ ትእዛዝም ይፈጸማል። በሲቪሉ ዓለም ግን ዋጋ ታቀርባለህ፣ ደንበኛ ታግባባለህ፣ በዕድሜ ከሚያንስህ አለቃም ትታዘዛለህ።

ለባለትዳሮች

እኅቴ ሆይ፤ የባልሽን ዝምታ እንደ ንቀት አትቁጠሪው። ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሚታወቅበትን ስሙንም ያጣ ሊመስለው ይችላል። ያለፈ ሥራውን ሲዘረዝር አብረሽው ተቀመጪ። ወንድሜ ሆይ፤ አንተም ሚስትህ ወታደርህ አይደለችም። የመጀመሪያው ደመወዝ ከለመድከው ሊያንስ ይችላልና የቤቱን ወጪ አብራችሁ አስሉ። ትምህርቱ ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ እስከዚያው ማን ምን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሚስት ከሠራዊት የተመለሰች እንደ ሆነም ምክሩ ያው ነው።

ለቤተ ክርስቲያን

መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ሆይ፤ ለዚህ ወገን መጸለይ መልካም ነው። ከጸሎቱ ጋር በጉባኤው ካሉ መሐንዲሶችና የድርጅት ባለቤቶች ጋር አስተዋውቁት። የቤተ ክርስቲያኑ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ጥሩት፤ ስትጠሩት ግን «ለጌታ ሥራ ነው» ብላችሁ በነጻ አትመልሱት። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው የተናገረው ጌታ ራሱ ነው። የከፈላችሁት ለልጆቹ እንጀራ፣ የሰጣችሁትም ምስክርነት ለቀጣዩ ሥራ በር ይሆነዋል።

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት አብራችሁ ተወያዩ፦ እግዚአብሔር በእጃችን ያኖረው ሙያ ምንድን ነው? ለምን ተቀመጠ? በዚህ ወር የምንጀምረው አንድ እርምጃስ የትኛው ነው? መልሱን በወረቀት ጻፉት፤ በላዩም አብራችሁ ጸልዩ። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።