ማሊያው ላይ «ገብረ ሥላሴ» የተጻፈበት ቼካዊ

የ2012ቱን የአውሮፓ ዋንጫ በቴሌቪዥን ያየ የአገራችን ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አልቀረም። በቼክ ሪፐብሊክ ቡድን ውስጥ 2 ቁጥር ለብሶ የቀኙን መስመር ሲመላለስበት የነበረው ተከላካይ፣ ማሊያው ላይ የተጻፈው ስም «ገብረ ሥላሴ» ነበር። «የሯጩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዘመድ ይሆን እንዴ?» ያለ አይጠፋም። አይደለም፤ የስም መገጣጠም ነው። ሰውየው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ይባላል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዎዶር በታኅሣሥ 1986 ትርዤቢች በምትባል ከተማ፣ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከቼካዊት መምህርት እናት ተወለደ። በእኛ ልማድ የአባት ስም ከልጅ ልጅ አያልፍም፤ እዚያ ግን ገብረ ሥላሴ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ቼኮች የሴት ልጅ የቤተሰብ ስም መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ኦቫ» ይቀጥላሉ። የእጅ ኳስ ተጫዋቿ እህቱ አና ግን ያለምንም ቅጥያ አና ገብረ ሥላሴ ናት።

እግር ኳስን በዪህላቫ ጀምሮ በ2007 ወደ ታላቁ ስላቪያ ፕራግ ቢሄድም እዚያ ብዙ የመሰለፍ ዕድል አላገኘም። በዓመቱ ስሎቫን ሊቤሬትስን ተቀላቀለ፤ ሰው የሆነውም እዚያ ነው። የቀኝ መስመር ተከላካይ ሁለት ሥራ አለበት። የተጋጣሚን ክንፍ ተጫዋች መያዝ አንዱ ነው፤ ቡድኑ ሲያጠቃ ደግሞ ወደፊት ሮጦ ኳስ ማሻማት፣ ኳስ ሲነጠቅ መልሶ ወደ ኋላ መሮጥ ሌላው። ቴዎዶር ይህን ምልልስ የሚችልበት ነበር። በ2012 ሊቤሬትስ የአገሩን ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ እሱ ነበር።

ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ2011 ሲሆን፣ ይህን ማሊያ የለበሰ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። በዓመቱ በአውሮፓ ዋንጫው የመጀመሪያ የምድብ ጨዋታ በፖላንዷ ቭሮጽዋፍ ሩሲያ ቼክን 4 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ከሩሲያ ደጋፊዎች መካከል የዘረኝነት ጩኸት ያሰሙበት ነበሩ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ጉዳዩን መርምሯል። በአራተኛው ቀን ቼክ ግሪክን ገጠመች። ጨዋታው በተጀመረ በ6ኛው ደቂቃ ቴዎዶር ከቀኝ ያሻማውን ኳስ የቡድን ጓደኛው ፒላርዥ ከመረብ አገናኘው፤ ውጤቱም 2 ለ 1 ሆነ። ቼክ ፖላንድንም 1 ለ 0 ረታች። በሦስት ጨዋታ 4 አግብታ 5 የገባባት ቼክ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰች።

በሩብ ፍጻሜው ዋርሶ ላይ ከፖርቱጋል ጋር እስከ 79ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ቆዩ። ሞቲንሆ ከቀኝ አሻማ፤ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ከቴዎዶር ጀርባ ተስፈንጥሮ ቀደመውና በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። የተከላካይ ዕጣ እንዲህ ነው፤ ሰባ ስምንት ደቂቃ የጠበቀውን በር የሚያስታውስለት የለም፣ የተቀደመባት ቅጽበት ግን በየዓመቱ ትደገማለች።

በዚያው ክረምት የጀርመኑ ቨርደር ብሬመን ወሰደው። በቡንደስሊጋው የመጀመሪያ ጨዋታው በሻምፒዮኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ሜዳ የአቻነቷን ጎል አስቆጠረ፤ ብሬመን ግን 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ተቀያየረ፣ ተጫዋች መጣ ሄደ፤ እሱ ዘጠኝ የውድድር ዘመን በዚያው ማሊያ ቆየ። በቡንደስሊጋው ከ200 በላይ ጨዋታ አደረገ። በ2020 ብሬመን በመለያ ጨዋታ ለጥቂት ከመውረድ ሲተርፍም፣ በ2021 ሳይሆንለት ሲወርድም አብሮት ነበር። ከዚያ ወደ ሊቤሬትስ ተመለሰና ጫማውን እዚያው ሰቀለ።

ለአገሩ 54 ጊዜ ተሰልፎ 3 ጎል አግብቷል፤ በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫም ተሳትፏል። ስለዚህ ተከላካይን መመዘን የሚፈልግ ሰው የዋርሶዋን 79ኛ ደቂቃ ብቻ አይይ። አሠልጣኞች ስንት ጊዜ መልሰው እንዳሰለፉት ይቁጠር።