ቁጥቋጦው አይመንጠር

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ስለ ተራራ ልማት ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የክረምቱ ችግኝ ተከላ ነው። በጥርና በየካቲት ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሐምሌ ሲገባ ችግኙ ይተከላል፤ ከዚያ ስንት ሺህ እንደ ተተከለ ይነገራል። ይህ በነጻ ጉልበት የሚሠራ ከባድ ሥራ ነውና ክብር ይገባዋል። ዓላማው አፈሩን መያዝ ብቻ ሳይሆን ድኩላውንና ቆቁን ወደ ቀድሞ መኖሪያቸው መመለስም ከሆነ ግን፣ ከችግኙ በፊት ልናየው የሚገባ ነገር አለ፤ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ክትክታ፣ አጋም፣ ደደሆና ቀጋ። በየጎፍም ሆነ በጦሳ ተራራ ተዳፋት የዱር እንስሳት መኖሪያ የሚጀምረው ከቁጥቋጦ ነው። የየወቅቱ የመስክ ሥራም ቁጥቋጦውን ማዕከል አድርጎ ቢደራጅ ይበጃል ባይ ነኝ።

ማስረጃው ከዚሁ ከወሎ ይጀምራል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ብዙዎች ከጠበቁት በተቃራኒ ዛፉ ቀንሶ ሳይሆን በዝቶ ተገኘ። የወሎ ደን በቅርብ ዘመን ተመንጥሮ አለቀ የሚለውን የተለመደ አባባል ጥያቄ ላይ የጣለ ውጤት ነበር፤ ከጨመረው ዛፍ ግን ብዙው ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለውን የቃሉ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ሲመረምሩ፣ በእነዚያ 28 ዓመታት ቁጥቋጦውና ደኑ ቀንሶ ገላጣው መሬት ጨምሮ አገኙ። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። በየቤቱ ጓሮና በየኮረብታው ግርጌ ግንዱ እየበዛ፣ ለአውሬና ለወፍ መጠለያ የሚሆነው ሽፋን ሊመናመን ይችላል። ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ሥር ሣርም ሆነ ቁጥቋጦ እንደ ልቡ አይበቅልም፤ ድኩላ የምትቀጥፈው ቅጠል፣ ቆቅ የምትሸሸግበት ጥሻ የለም።

ቁጥቋጦ ደን የሚወልደው እንዴት እንደ ሆነ ለማየት የወይራን ፍሬ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ሲበስል የሚጠቁር ትንሽ ፍሬ ነው፤ ከላይ ስስ ሥጋ፣ ከውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዘር አለው። ወፍ ሥጋውን በልታ ዘሩን ትተፋዋለች ወይም ከኩሷ ጋር ትጥለዋለች፤ አብዛኛውን የምትጥለውም ባረፈችበት ነው። ገላጣ ተዳፋት ላይ ማረፊያ ስለማታገኝ አልፋው ትሄዳለች። አንድ የአጋም ቁጥቋጦ ካለ ግን ታርፍበታለች፤ ከሥሩም የወይራና የጽድ ዘር ይጠራቀማል። ክትክታ ደግሞ ወፍ አያስፈልገውም፤ ክንፍ ያለውን ፍሬውን ነፋስ ይበትንለታል፤ ስለዚህ የተራቆተ መሬት ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቅጠሉ ስለሚያጣብቅና ስለሚመር ፍየልም እምብዛም አትነካውም። ከእነዚህ ቁጥቋጦዎች ሥር ያለው አፈር ከበጋው ፀሐይ የተከለለ ነው፤ ቅጠል ይረግፍበታል፣ እርጥበትም ይቆይበታል። በትግራይ ከከብት በተከለለ መሬት ላይ በተደረገ ሙከራም በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይ ከተተከለው በተሻለ ተርፏል። እንግዲህ ለጉድጓድ ሲባል ቁጥቋጦውን መመንጠር ሕፃኑን ላሳድግ ብሎ ሞግዚቷን እንደ ማባረር ነው።

መሬቱን ከልለን ዝም ብንል ደኑ በራሱ ይመጣል ማለቴ ግን አይደለም። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ በደቡብ ወሎ የተራቆቱ ተዳፋቶች አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ሲመረመር ያመዘነው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር እንጂ የዛፍ ዘር አልነበረም። የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይምና ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከየጎፍ ደን ቅሪት፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ከመስጊድና ከመካነ መቃብር ዛፎች። ለእነዚህ ቅርብ በሆነ ተዳፋት ዋናው ሥራ መከለልና መጠበቅ ነው። ርቆ በሚገኘው ላይ መትከል ግድ ነው፤ የሚተከለው ግን ወይራና ጽድ፣ የሚተከልበትም ቦታ ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር ይሁን።

ይህን ከተቀበልን የሥራው መርሐ ግብር ይለወጣል። በጥርና በየካቲት እርከኑ ሲሠራ ቁጥቋጦው ባለበት ይታለፋል፤ ጉድጓዱም ከጎኑ ይቆፈራል። ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን ዝናቡ አልቆ ሣር የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ከተከለለ መሬት ሣር አጭዶ መውሰድ የተፈቀደ ነው፤ መሆንም አለበት። ጣት የሚያህል የወይራ ቡቃያ ግን ሣር ውስጥ ተደብቆ ሳይታይ በማጭድ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ከአጨዳው በፊት ቡቃያውን እየፈለጉ አጠገቡ ምልክት የሚሆን እንጨት ማቆም ያስፈልጋል። አጨዳው በጣም ከቀደመ ሣሩ ዘሩን ሳያራግፍ ይነሣል፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ ድርቆሹ ለከብት የሚሰጠው ምግብ ይቀንሳል። ተዳፋቱን ከፋፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ሳያጭዱ መተው ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ለወፉም መሸሸጊያ ይተርፋል። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቆላማ በኩል ደግሞ ቅንጬ አረም አለ። በበልግም በክረምትም እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበቅላል፤ በበቀለ በወር ከግማሽ ውስጥም ያብባል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ዘመቻ ወጥቶ መንቀል አይበቃም፤ ሁለቱንም ዝናብ ተከትሎ፣ ሳያብብ፣ ቆዳን ስለሚያሳክክም ጓንት አድርጎ መንቀል ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገበሬው ነው፤ ከብቴን የት ላሰማራ? ይህን ቸል ያለ ልማት ምን እንደሚገጥመው ወሎ በደንብ ያውቃል። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከልሎና ዛፍ ተተክሎበት ነበር፤ ሕዝቡ ግን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ ስላልቆጠረው፣ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙው ተቆረጠ፣ ተጋጠ። ዘበኛ ማብዛት ለዚህ መልስ አይሆንም። ደግሞም መኖሪያው ሲመለስ ዝንጀሮና ጅብም አብረው ይመለሳሉ፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በከተማው ሰው ላይ ሳይሆን ማሳው ከደኑ ጥግ በሆነው አባወራ ላይ ነው። ሣሩ ሲከፋፈል እኩል መከፋፈሉ ፍትሕ ይመስላል፤ እኔ ግን ለደኑ አዋሳኞች ከፍ ያለ ድርሻ ሊሰጥ ይገባል እላለሁ። የሰብል ጥበቃውንም ቀበሌው በጋራ ቢይዘው ሸክሙ አንድ ቤት ላይ አይወድቅም።

ባሕር ዛፍም ቢሆን ጠላት አይደለም፤ የደሴ ቤት የሚሠራውም፣ ምጣዱ የሚሰማውም በእሱ ነው። በየጎፍ የቆመው አሮጌ የባሕር ዛፍ ተክል በበጋ እየተመረጠ ቢሳሳ፣ ብርሃን ከሥሩ ገብቶ ወፍ የጣለችው ዘር ማደግ ይችላል፤ በኢትዮጵያ በሌሎች የተተከሉ ደኖች፣ የዘር ምንጭ በቀረበበት ቦታ ይህ ታይቷል። የዓመቱ ሪፖርት ላይም ከችግኙ ቁጥር ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ቢሰፍር ጥሩ ነው፤ በታኅሣሥ 100 ቁጥቋጦ ሥር ታይቶ ስንቱ የወይራ ወይም የጽድ ቡቃያ እንዳለው። ቆጠራው ባለሙያ ብቻ የሚችለው አይደለም፤ ቡቃያውን ለይቶ የሚያውቅ የአካባቢው እረኛ ይሠራዋል።