«የበሰበሰ» ተብሎ የሚታለፈው ዛፍ

ደን ስንቆጥር ዛፉን የምንለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ውፍረቱ ይለካል፣ ቁመቱ ይገመታል፣ ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሚወጣው ይሰላል። ግንዱ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ግን ጣውላ አይወጣውምና «የበሰበሰ» ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ለማገዶ ቢጥለው ቅር የሚለው የለም። እርጥቡን የነካ ይቀጣል፤ ደረቁን የወሰደ ደን አጸዳ ይባላል።

ጎጆ ፈላጊ ወፎች የሚሹት ይህንኑ ዛፍ ነው። ወንዶ ገነት የተማረ ሁሉ ምንቃሩ ላይ ቀንድ መሰል ነገር ያለውን፣ ሲበር ክንፉ ከሩቅ የሚሰማውን ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ያውቀዋል። ሴቷ ትልቅ ዛፍ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ወንዱ አፈር እየዋጠ፣ በጉሮሮው እያድቦለቦለ ያቀብላታል፤ እሷም በሩን ከውስጥ ትመርገዋለች። የሚቀረው ምንቃር የሚያሾልክ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከሦስት ወር በላይ አትወጣም፤ የሾላና የሌላ ዛፍ ፍሬ እያመጣ የሚቀልባት እሱ ነው። በዚህ መሀል ዛፉ ቢወድቅ እናትም ጫጩትም አብረው ይወድቃሉ። የፍሬውን ዘር ሩቅ ወስዶ የሚዘራውም ይኸው ወፍ ስለሆነ ጉዳቱ ለደኑ ይተርፋል።

ግንደ ቆርቁር ይሻላል፤ የለሰለሰ እንጨት ካገኘ ራሱ ይፈለፍላል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘው ጥቁር ክንፏ ትንሽ በቀቀን ግን የምትፈልገው የተዘጋጀ ቀዳዳ ነው፤ ከእንቁላል ጊዜ ውጪም የምታድረው እዚያው ነው።

ቀዳዳ ደግሞ በአንድ ክረምት አይሠራም። ቅርንጫፍ ይገነጠላል፣ በቁስሉ ፈንገስ ይገባል፣ የግንዱ ልብ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፤ ዳር ዳሩ ሕያው ሆኖ ግድግዳ ይሆናል። ለዚህ ወፍራም ግንድና አሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የተቆረጠውን ዝግባ በችግኝ ተካን ማለት ለወፏ ምንም ማለት አይደለም። በየቦታው የምንተክለው ባሕር ዛፍማ ጭራሽ! የሚገርመው፣ በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ የታወቀ የበቀቀን ቤት ነው፤ ነገር ግን ጎጆ የሚሆን ቀዳዳ ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እኛ ዘንድ ለማገርና ለቋሚ እንደደረሰ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ይቆረጣል።

የማገዶ ችግር እንዳለ አውቃለሁ፤ ሸክሟን ተሸክማ ከጫካ የምትወጣ እናት ላይ ጣት መቀሰር አይሆንልኝም። መሬት የወደቀው ይለቀም፤ ቆሞ የደረቀው ይቆይ። ስዊድኖች ደን ሲቆርጡ እንኳ አንዳንዱን ግንድ ሦስት አራት ሜትር ላይ ቆርጠው፣ ቆሞ እንዲበሰብስ ይተዉታል። የቆጠራ ቅጽ የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ከ«የበሰበሰ» ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ «ቀዳዳ አለው/የለውም»። አለው የተባለው ዛፍ ላይ የመቁረጫ ምልክት አይቀባ።