ከነጃሺ የመጣች ስባሪ

ከላላ ላይ ቡና በጠጣንበት ቤት፣ አባወራው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች የግድግዳ ስባሪ አሳዩን። ነጋሽ ሄደው የነጃሺን መስጊድ ሲዘይሩ ለመታሰቢያ ያነሷት ናት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. መስጊዱ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ሚናራውና ጉልላቱ ተጎድተዋል፤ ተዘርፏልም።

በመጀመሪያው ሂጅራ የመጡ ሶሐቦች አርፈውበታል ከሚባል ቦታ የመጣን ነገር መውደዳቸውን ማን ይነቅፋል? እኛም በልጅነታችን ከጀማ ንጉሥ ጠጠር በኪሳችን ይዘን ተመልሰናል። ነገር ግን የመስጊድ ድንጋይ ወቅፍ ነው፤ አይሸጥም፣ በስጦታ አይተላለፍም፣ አይወረስም። የሚጠግነው ግንበኛም የቀድሞውን አሠራር የሚያመሳክረው ከወደቀው ስባሪ ነው። ዘያሪው ሁሉ አንዳንድ ቢያነሳ ምን ይተርፈዋል?

ይህን ስንላቸው ዝም አሉ። ትንሿ ልጃቸው «አባዬ፣ እንመልሳት?» አለች። ስባሪዋን መልሰው ጠቀለሉና፣ ወደ መቀሌ የሚሄድ ሰው እንድንፈልግላቸው ጠየቁን።