ተገጣጥሞ የሚሸጥ የዶሮ ቤት እንዴት ይሻሻላል?

በአሁኑ ጊዜ በከተማና በከተማ ዙሪያ ዶሮ ማርባት የሚጀምር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቤቱን ራሱ አይሠራም። ከእንጨትና ከብረታ ብረት ሥራ ማኅበራት ተገጣጥሞ የሚሸጠውን፣ በጋሪ የሚጫነውን፣ የሽቦ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለውን አነስተኛ ቤት ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህም ቄቦችን ከነቤታቸው ለአባሎቻቸው በብድር የሚያቀርቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ቤቱ ሥራን ያቃልላል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የሚሠራው ለመጓጓዝና ለገዢው ዐይን እንዲያምር እንጂ የዶሮዋ ሌሊት ታስቦ አይደለም። ዶሮዋ ብትሞት ደግሞ ብድሩ አብሯት አይሞትም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ቤቱ ግቢ ከገባ በኋላ፣ ቄቦቹ ግን ከመግባታቸው በፊት፣ ከዚህ በታች የተመለከቱትን ማስተካከያዎች ከአርቢው ጋር ሆኖ ቢያደርግ ይጠቅማል። አብዛኞቹ መዶሻ፣ መጋዝና የግማሽ ቀን ሥራ እንጂ ትልቅ ወጪ አይጠይቁም።

የዶሮው ቁጥር

ሻጩ «ይህ የ20 ዶሮ ቤት ነው» ሲል ቃሉን ከመቀበል በፊት በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቤት የወለሉ ስፋት 2 ሜትር ካሬ ነው። ሌትና ቀን ተዘግተው ለሚውሉ እንቁላል ጣዮች በአንድ ሜትር ካሬ 5 ዶሮ ይበቃል፤ ስለዚህ ይህ ቤት የሚይዘው 10 ዶሮ ነው። 20 ሊያድሩበት የሚችሉት ከንጋት እስከ ምሽት ወጥተው በታጠረ ግቢ የሚውሉ ከሆነ ብቻ ነው። አርቢው ቀን የሚለቅበት ቦታ ከሌለው ቁጥሩን መቀነስ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። የተጣበቡ ዶሮዎች እርስ በርሳቸው ይጓጎጣሉ፤ ላባቸው ይነቀላል፤ እንቁላል ይሰብራሉ። አርቢውም ዝርያውን ይወቅሳል።

ብርድ ሳይሆን የታፈነ አየር

በዚህ ክፍል ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የራሴም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በበቆጂ አካባቢ የኅዳር ውርጭ ሲበረታ አርቢዎች ምን እናድርግ ብለው ጠየቁኝ። እኔም የሽቦውን ግድግዳ ዙሪያውን በፕላስቲክ ሸፍኑት አልኳቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማልጄ ሄጄ የአንዲት እናት የዶሮ ቤት በር ስከፍት ዐይኔ እንባ አቀረረ። ቆርቆሮው ከውስጥ አልቦ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጉዝጓዙ ረጥቦ ተጋግሯል። ከ15 ቄቦች 6 ሞተዋል፤ ከቀሩትም የሚያነጥሱና አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ነበሩ። «ልጄ፣ ብርዱ ነው አይደል የጨረሰብኝ?» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ አጣሁ። ለሞት ያበቃቸው ብርዱ ሳይሆን የእኔ ፕላስቲክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደገች ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ላባዋም ካፖርቷ ነው። ደረቅ እስከሆነችና ነፋስ እስካልመታት ድረስ የደጋውን ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትና ከኩስ የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን እስከ 100 ግራምና ከዚያም በላይ ኩስ ትጥላለች፤ ብዙውም በሌሊት ቆጥ ላይ ሳለች የሚወርድ ነው። በዚህ ላይ ትንፋሿ ሲጨመር በታፈነ ቤት ውስጥ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። አሞኒያው የመተንፈሻ አካሏን ያቆስላል፤ የረጠበው ጉዝጓዝ ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ ለሚባለው የተቅማጥ በሽታ ይመቻል።

ስለዚህ በደጋ አካባቢ የሽቦውን ግድግዳ ከታች ጀምሮ እስከ ዶሮዎቹ ራስ ድረስ፣ ማለትም ከቆጡ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በጣውላ ወይም ጭቃ በተመረገ እንጨት መዝጋት ይገባል። ከዚያ በላይ ግን በሁለቱም ረጃጅም ጎኖች ከክዳኑ ሥር ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት በሽቦ ተሸፍኖ ክረምት ከበጋ ክፍት ይቀራል። ቤቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ይህን ቦታ ካላስገኘ ክዳኑን ፈትቶ በአራቱ ማዕዘን ላይ እንጨት በመጨመር ከፍ ማድረግ ይቻላል። ዝናብ በክፍተቱ እንዳይገባ ቆርቆሮው ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ መውጣት አለበት። ተዘጋጅተው የሚሸጡት ግን አንድ ጣት ታህል እንኳ ስለማያሳልፉ ተጨማሪ ቆርቆሮ መቀጠል ግድ ነው።

መለኪያው አፍንጫ ነው። ጠዋት ዶሮዎቹ ሳይለቀቁ ራስን ወደ ቤቱ ማስገባት፤ የሚሰነፍጥ ከሆነ አየሩ አልበቃም።

በቆላ ነገሩ ይገለበጣል። በመተሐራ ወይም በአዋሽ ሸለቆ ግድግዳው ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ተዘግቶ የቀረው ክፍት ይሆናል። የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲዘረጋ ይቀመጣል፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ የሚመታው አጭሩን ጎን ይሆናልና። በቆርቆሮው ላይ ሣር መክደን ሙቀቱን በጣም ይቀንሰዋል። ሣሩ ከቆርቆሮው በላይ እንጂ በታች መሆን የለበትም፤ ከታች ከሆነ የአይጥና የቅንቅን መኖሪያ ይሆናል።

ቆጥና ወለል

ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ያስፈልጋታል። ከላይ በጠቀስነው ቤት 20 ዶሮ እንዲያድር ከተፈለገ 4 ሜትር ቆጥ፣ ማለትም በቤቱ ርዝመት ልክ ሁለት ቆጥ ይጠይቃል፤ ከቤቱ ጋር የሚመጣው ግን አንድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ነው። ብረት ያንሸራትታል፤ በደጋም ይቀዘቅዛል። ወርዱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ በመላጊያ የለዘበ እንጨት ይሻላል። ሁለቱ ቆጦች እኩል ከፍታ ላይ ሆነው በ35 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም ለእሱ ይሻማሉ። በምስማር አይመቱ፤ ግራና ቀኝ በተቦረቦረ እንጨት ላይ ተቀምጠው በቀላሉ እንዲነሡ ይደረግ። ለምን እንደሆነ ስለ ቅንቅን ስንናገር ግልጽ ይሆናል።

ከቆጡ ሥር የሚሳብ የቆርቆሮ ትሪ ቢገባ የሌሊቱ ኩስ ጠዋት ጠዋት በአንድ ጊዜ ይወጣል። እኔ ሙያዬ ሰብል ነው፤ ወደ ዶሮ ቤት ያስገባኝም ይኸው ኩስ ነው። በአትክልት ማሳ ላይ እንደ ዶሮ ኩስ ያለ ማዳበሪያ በቀላሉ አይገኝም። ትኩሱን በችግኝ ሥር መጣል ግን ያቃጥላልና ከጭድና ከቅጠል ጋር ተነባብሮ በጉድጓድ ውስጥ መብላላት አለበት።

ወለሉ ሽቦ የሆነ ቤት ለማጽዳት ቀላል ቢመስልም የዶሮዋን እግር ያቆስላል፤ በደጋ ደግሞ ነፋስ ከሥር ያስገባል። ጣውላ ደልድሎ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ማንጠፍ ነው። ጭድ ለከብት የሚፈለግ በመሆኑ ሰጋቱራ፣ በፎገራ አካባቢም የሩዝ ገለባ መጠቀም ይቻላል።

ሸለምጥማጥና አይጥ

አብዛኛው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቤት የሚለብሰው ባለ ስድስት ማዕዘን ዐይን ያለው ቀጭን የዶሮ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ዶሮዋን ከውስጥ ይይዛታል እንጂ ሸለምጥማጥን ከውጭ አይከለክልም። በጥቂት ምስማር ተይዞ ከሆነ ጥግ ጥጉን ገፍቶ ይገባል፤ በአንድ ሌሊትም ብዙ ዶሮ ይፈጃል። ቢቻል በብየዳ የተያያዘ፣ የዐይኑ ስፋት ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሽቦ፣ ገንዘብ ካነሰም ቢያንስ ከታች እስከ ቆጡ ከፍታ ድረስ ይልበስ። ሽቦው ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ተጨፍልቆ ይመታ። ወደ ላይ ሲገፋ የሚነሣ ማንጠልጠያ በር አይዘጋም፤ ወደ ጎን የሚሳብ መወርወሪያ ያስፈልጋል።

የቤቱ እግር ብዙ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ከፍታ ለመጥረጊያ ያንሳል፤ ለአይጥ ግን በቂ መኖሪያ ነው። በብሎኬት ወይም በድንጋይ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ፣ በእያንዳንዱ እግር ላይም ከቆርቆሮ ወይም ከትልቅ ጣሳ የተሠራ ቆብ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ቢታሰር አይጥ መውጣት ያዳግታታል። የተረፈ መኖ በቤቱ ውስጥ አይደር።

ቅንቅን

በመላጊያ ያልለዘበ እንጨትና ብዙ መጋጠሚያ ያለው ቤት የቅንቅን ምሽግ ነው። ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ ደም ትመጣለች። ስለዚህ ዶሮዋን ቀን አገላብጦ አይቶ ምንም የለም የሚል ባለሙያ ይሳሳታል። የእጅ ባትሪ ይዞ በሌሊት የቆጡን ጫፍና መጋጠሚያውን ማየት ነው። ደም የጠጡት ቀያዮች በግልጽ ይታያሉ። ቆጡን በየሳምንቱ አውጥቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ስንጥቁን በጭቃ መድፈን፣ ለዶሮዎቹም አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት መታጠቢያ ማዘጋጀት ይገባል። ለሰብል ተባይ የተገዛ ኬሚካል በዶሮ ቤት መርጨት ግን ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ወደ እንቁላሉና ወደ ሰው ይሻገራል።

የእንቁላል መጣያ ሣጥን ለ5 ዶሮ አንድ፣ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ጨለም ባለ ጥግ ይቀመጥ። ከቆጡ ከፍ ካለ ያድሩበታል። የተሻሻለው ቤት ፈንግልን እንደማይከላከል፣ ክትባቱም የእንስሳት ጤና ባለሙያው ባወጣው ጊዜ ሳይቋረጥ መሰጠት እንዳለበት ለአርቢው በግልጽ ይነገረው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ማኅበር ይህን ሁሉ ግቢ ለግቢ እየዞረ ከሚያስተካክል በውሉ ላይ ቢያስገባው ይቀለዋል። የእግሩ ከፍታ፣ የቆጡ ርዝመት በሜትር፣ ከክዳን ሥር ያለው ክፍተት፣ የሽቦው ዐይንና የመወርወሪያው ዓይነት በቁጥር ይጻፍ። አንድ ቤት ብቻ በናሙናነት ይሠራ፤ አንድ አባል ዘንድም ለሁለት ሳምንት ዶሮ ይደርበት። አስተዳደር ኮሚቴው ከልማት ሠራተኛው ጋር ማልዶ ሄዶ በሩን ከፍቶ ካሸተተ በኋላ ለቀሩት ቤቶች ቅድሚያ ክፍያ ይፈጸም።