የጠባብ ቱቦ ሕግ

ፓሪስ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዣን ሊዮናር ማሪ ፕዋዜይ ሊያውቅ የፈለገው ደም በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ነበር። ደም ግን ከሰውነት ሲወጣ ስለሚረጋ ለሙከራ አይመችም። ስለዚህ በደም ፈንታ የተጣራ ውኃ፣ በደም ሥር ፈንታ የመስታወት ቱቦ ወሰደ። ከቱቦዎቹ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ይጠብ ነበር። ግፊቱን፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ሙቀቱን በየተራ እየቀያየረ የሚያልፈውን ውኃ ለካ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1840 እና በ1841 ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጎትሂልፍ ሃገን በ1839 በናስ ቱቦ ሞክሮ እዚያው ደርሶ ስለነበር ሕጉ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱም እጥፍ ይሆናል፤ ቱቦው እጥፍ ሲረዝም ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ የሚጠበቅ ነው። እጅግ የሚደንቀኝ የስፋቱ ጉዳይ ነው፦ ፍሰቱ የሚያድገው በሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ነው። ሬዲየሱ በግማሽ የጠበበ ቱቦ በዚያው ግፊት የሚያሳልፈው አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳውን የነካው የፈሳሽ ሽፋን ከቦታው አይነቃነቅም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው በሰበቃው ተይዞ ያዘግማል፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ መሐል ላይ የአማካዩን እጥፍ ይደርሳል። ሽፋኖቹ ሳይቀላቀሉ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ላሚናር ፍሰት የሚባለው ይህ ነው። ቱቦው ሲሰፋ ታዲያ ማለፊያው በሬዲየሱ ካሬ ይሰፋል፤ መሐሉ ከግድግዳው ስለሚርቅ አማካይ ፍጥነቱም በካሬ ያድጋል። ሁለቱ ሲባዙ አራተኛ ርቢ ይመጣል።

ብዙ ደም ለፈሰሰው ሕመምተኛ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ (ካኑላ) አጭርና ወፍራም እንዲሆን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሰውነትም በዚሁ ይሠራል፦ የአንዲት ትንሽ አርተሪ ጡንቻ ተኮማትሮ ሬዲየሷን በ10 በመቶ ቢያጠብ፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ደም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

ሕጉ ግን ወሰን አለው። መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቱቦ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ቀለም ለቀቀ። ውኃው ሲያዘግም ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሲፈጥን ተበታትኖ ተቀላቀለ፤ እዚያ ላይ ሕጉ አይሠራም።

የፕዋዜይ ዋና ጥያቄ የነበረው ደምም ከውኃ ይለያል። ተመራማሪዎቹ ፎሬውስና ሊንድክቪስት በ1931 እንዳሳዩት፣ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በሚጠቡ ቱቦዎች ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፤ ግድግዳው አጠገብ የሚቀረው ቀጭኑ ፕላዝማ ስለሆነ፣ ደሙ በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደ ቀጠነ ሆኖ ያልፋል።